ለሞይኖክ የተተወ መንገድ

ቡሩል ቤቱን ስትገዛ ውሻው ግቢው ውስጥ ነበር። ሻጮቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሱን አልጫኑትም። አንገቱ ዙሪያ ነጭ ስለሆነ ሞይኖክ ይሉታል። በኪርጊዞች አገር፣ ካራኮል ከተማ ውስጥ ሞይኖክ የሚባል ውሻ በየሰፈሩ አለ፤ ይሄኛው ግን ባለቤት አልነበረውም። እሷም ከባሏ ቤት ከወጣች ሁለት ወሯ ነበር። አሥር ዓመት ልጅ አልወለድሽም ተብላ በአንድ ሻንጣ የወጣች ሴት፣ ውሻን ውጣ ለማለት አፏ አልታዘዘላትም።

"ቀድመኸኛል" አለችው። "ጥግ ስጠኝና አብረን እንኑር።"

ሰጣት። የበረዶውን ወራት አብረው አለፉት። ቡሩል ክሊኒክ ውስጥ ራጅ አንሺ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰውን "አትንቀሳቀስ፣ ትንፋሽህን ያዝ" ስትል ትውላለች። ሞይኖክን ግን አትንቀሳቀስ የሚለው የለም። አጥሩን ተከትሎ ይዞራል። በቀኝ ወጥቶ በግራ ይመለሳል፣ ፖም ዛፉ ሥር ቆም ብሎ መንገደኛውን ያያል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

ኢስሃርን ያገኘችውም እዚያው ራጅ ክፍል ነው። በመኸር ከጋሪ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰብሮ መጣ። ዱንጋን ነው፤ አያቶቹ ከቻይና ተራራ አቋርጠው የመጡ፣ አፈር የሚያውቁ ሙስሊሞች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአራት ወንድሞቹ ጋር አትክልት ያመርታል። ሲመጣ አርባ ዓመቱ ነበር፣ ሚስት አልነበረውም፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር ነበረው።

"አትንቀሳቀስ" አለችው።

"አልተንቀሳቀስኩም።" ቆየት አለና፣ "ልቤ ይሆናል።"

"ልብህ እዚህ ፊልም ላይ አይወጣም።"

"እሱ ይሻላል" አለ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ኢስሃር አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ ሻይ ይበርዳል። ቡሩል ደግሞ የሰው አፍ ላይ ያለውን ቀድማ ካልጨረሰች አይሆንላትም። እንዴት እንደተግባቡ ለሁለቱም አልገባቸውም።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ እሑድ፣ ግቢውን አሳየችው።

"ትንሽ ነው የምፈልገው። ካሮት፣ ቲማቲም፣ ጥቂት አበባ። ዘጠኝ እርምጃ በአሥራ ሦስት ነው። ግን ይሄ ጌታዬ ሁሉንም ይረግጠዋል። ባጥረውስ?"

ኢስሃር ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። አፈሩን ያያል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ውሻውን ያያል። ሻይ አመጣችለት፤ ጠጣ፣ ውሻውን አየ። ሁለተኛ አመጣች። ጸሐይዋ ተራራው ላይ ስትደርስ ሦስተኛውን አመጣች።

"መሬቱን አታየውም እንዴ?"

"መሬቱ የትም አይሄድም" አለ። "ወረቀት አለሽ?"

የነበራት የራጅ ፊልም የሚገባበት ትልቁ ቡናማ ፖስታ ብቻ ነው። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ሳለበት። መጀመሪያ የሳለው ቤቱን አይደለም፣ መደቡንም አይደለም። አጥሩን ተከትላ የምትዞር አንዲት መስመር ሳለ፤ ፖም ዛፉ ጋ ስትደርስ ትጠመዘዛለች።

"ምንድነው ይሄ?"

"መንገዱ ነው። የሱ።" ውሻውን በእርሳሱ አመለከተ። "እዚህ ላይ አትዝሪ። ብታጥሪው ይዘለዋል። ብትቆጪው ተደብቆ ይሄዳል። ውሻ መንገዱን አይቀይርም። ከመጋዘኑ ጀርባ ደግሞ ይሄን ታህል ባዶ ተዪለት፣ ለሚቆፍረው። በቀረው ላይ እንዘራለን።"

እንዘራለን አለ። ቡሩል ሰምታዋለች። ኩባያውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እጇን ሳሙና ሳትነካ ብዙ ጊዜ ታጠበች። በአሥር ዓመት ትዳሯ፣ እሷ በቤቱ ውስጥ በየት በኩል እንደምትመላለስ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያየላት ሰው አልነበረም። አሁን ለውሻዋ ታየላት።

* * *

ዘሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር፤ ጥቅሉ ላይ በእርሳስ ይጽፍበታል። "ካሮት። በጣት ጥልቀት። ውሃ በጧት። አትቸኩዪ።" ቀጥሎ መጣ፤ "ቲማቲም። ቅጠሉን ሞይኖክ ካኘከው ሆዱን ያመዋል፣ በሽቦ ክበቢው። አትቸኩዪ።" አንዴ ደግሞ ብርቱካናማ አበባ፤ "ይቺ ለምንም አትጠቅምም። ቀለሟን አይቼ ነው።"

ቡሩል እነዚህን ወረቀቶች ራጅ ስታነሳ በምትለብሰው ከባድ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጨረር አይደርስበትም። ሰውም አይደርስበትም።

ፖስታው ላይ በሳለው ካርታ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። ውስጧ "ጁ" ብቻ ተጽፏል። ቡሩል ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጎረቤቷ ዙራ ግን በአጥር ላይ ተንጠልጥላ አንገቷን አስግጋ አየችው።

"ጁሳይ ነው" አለች። "ወይ ጉድሽ።"

"ምን ጉድ አለው? ጁሳይ ጁሳይ ነው።"

ጁሳይ ሳር የሚመስል፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቅጠል ነው። ዱንጋን ያለሱ ምግብ አይሠራም፤ የቀረውም ሰው ከነሱ ተምሮ ከሥጋ ጋር በሊጥ እየጠቀለለ ይበላዋል።

"አንቺ ምንም አታውቂም" አለች ዙራ። "የሱ እናት ቅጠሉን ትሸጣለች፤ ሥሩን ግን ለማንም አትሰጥም። ሥሩ የምራት ነው። ለአራቱም ምራቶቿ ከራሷ መደብ ነቅላ በገዛ እጇ ነው የሰጠቻቸው። ትንሿ ምራት ገበያ ላይ ነግራኛለች። አንዴ ሥር ከያዘ ሃያ ዓመት ይታጨዳል። ሲያጭዱት ይበቅላል።"

"አንቺ ደግሞ ገበያ የምትሄጂው ወሬ ልትገዢ ነው።"

"በነጻ ነው የሚሰጡኝ" አለች ዙራ።

ቡሩል የዚያን ቀን ከሥራ ቀርታ ያቺን አራት ማዕዘን ቆፈረች። አፈሩን በወጥ ቤት ወንፊት ነፋችው፤ ለሰርግ ዱቄት እንደሚነፋ። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመች። ሞይኖክ አጠገቧ ተኝቶ፣ አገጩን መዳፎቹ ላይ አድርጎ፣ ምን ነካት በሚል ዓይን ያያታል። እሷም ራሷን ምን ነካኝ አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአፈር ጋር እየሳቀች ነበር።

በግንቦት አጋማሽ እሑድ ኢስሃር መጣ። የቲማቲሙን ቦታ ላስተካክል ብሎ ካርታውን ተቀበላት። ሻይ ይዛ ስትመለስ ፖስታው ባልዲው ላይ ተዘርግቷል። "ጁ" ላይ ሁለት መስመር ተሰምሮባታል። እርሳሱ ከመጫኑ የተነሳ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

"ይሄ ምንድነው?"

"እ፣ እሱ... እዚያ አይሆንም።"

"ለምን?"

"እማዬን ጠየቅኳት። እና፣ አይሆንም አለች። ነገሩ ምን መሰለሽ..."

"ገባኝ።"

"አይ፣ ገና አልነገርኩሽም እኮ..."

"ገባኝ አልኩህ ኢስሃር። ሻይህ በረደ።"

አያት። ንግግሩን ሲያቋርጡት እንደገና ለመጀመር የመጀመሪያውን ያህል ጊዜ የሚፈልግ ሰው ነው። አፉን ከፈተ። ከመንገድ ወንድሙ ጥሩምባ ነፋ፤ መኪናው ላይ ችግኝ ተጭኗል፣ ጸሐዩ ያጠወልገዋል።

"ሦስት ሳምንት አልመጣም" አለ። "ሽንኩርት እየተከልን ነው። ከዚያ በኋላ ግን..."

"እሺ" አለች። "ከዚያ በኋላ" ያለውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

በሩ ሲዘጋ ያቺን የተነፋች አፈር በእግሯ ልትበትናት ነበር። እግሯን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። አፈሩ ምን አጠፋ።

* * *

"አንድ፣ ዱንጋን አይደለሽም" አለች ዙራ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጣቷ እየቆጠረች። "ሁለት፣ ፈት ነሽ። እናቱ ሁለቱን ትችለዋለች። ሦስተኛውን ነው ያልቻለችው።" በአገጯ ሞይኖክን አመለከተች።

"ውሻው ምን አደረጋት?"

"ሴትዮዋ አምስት ወቅት ሰጋጅ ናት። ውሻ የላሰው ልብስ ለብሳ አትሰግድም። አንቺ ደግሞ ከውሻ ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው የምታድሪው። ምን ትበል ታዲያ?"

"ኮሪደር ላይ ነው የሚተኛው።"

"ኮሪደርሽ ጣራ የለውም?"

ቡሩል ሦስት ቀን አሰበች። ስልክ አልደወለችም። እሱም አልደወለም፤ መስክ ላይ ስልክ ይዞ የሚውል ሰው አይደለም፣ ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አልረዳትም። በአራተኛው ቀን ለእናቷ ወንድም፣ ለጁማዲል ደወለች። በጎቹን ጭኖ ወደ ላይ፣ ወደ ግጦሹ ሊወጣ ነው።

"ታይኬ፣ ውሻ ትፈልጋለህ?"

"ስንት ጊዜ ለመንኩሽ። ውሻ በግ ይጠብቃል እንጂ ካሮት አይጠብቅም።" ከዚያም ጠየቃት፤ "ያ ሽንኩርት ሻጭ ነው ያስጣለሽ?"

"ማንም አላስጣለኝም።"

"ሰባት አባትሽን የምትቆጥሪ ልጅ፣ ለሽንኩርት ሻጭ ብለሽ..."

"ታይኬ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ ከሰባቱ አባቶቼ አንዱም እንጨት አልፈለጠልኝም። ቅዳሜ ጧት ና።"

ከዚያ የክሊኒክ ማዘዣ ወረቀት ላይ ጻፈች። "ኢስሃር። ሞይኖክ ቅዳሜ ጧት ከአጎቴ ጋር ወደ ተራራ ይሄዳል። ግቢው ንጹሕ ይሆናል። ለእናትህ ንገራት። መንገዱ ላይም ካሮት እዘራበታለሁ። ቡሩል።" የመጨረሻዋን ሐሳብ ሁለቴ ሰርዛ ሁለቴ መልሳ ጻፈቻት። ገበያ ወርዳ ለወንድሙ ሚስት ሰጠቻት። ሴትየዋ ወረቀቱን የምትሸጠው አትክልት መሐል ሰካችው።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ አጥንት ገዛች። ሞይኖክ አጥንቱን በላ፣ ከዚያ ዙሩን ጀመረ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ አየችው። ጥር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በትኩሳት ወድቃ ነበር፤ መነሳት ቀርቶ መጣራት አቅቷት። ይሄ ውሻ ነው ሄዶ የዙራን በር በጥፍሩ ሲቧጥጥ የዋለው። ዙራ ዱላ ይዛ ወጣች፤ ሸሸ፤ ተመልሶ ቧጠጠ። ተከትላው ስትመጣ ነው ቡሩልን ወለል ላይ ያገኘቻት። በሩ ላይ ምልክቱ እስካሁን አለ። ዙራ ቀለም አልቀባም ብላለች።

አመሰግናለሁ ልትለው ፈለገች። ግን እያባረሩት አመሰግናለሁ የሚባል ሰው የለም፤ ውሻም የለም። ስለዚህ አበጠረችው። ጸጉሩ በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። ነፋሱ እያነሳ በተነፋችው አፈር ላይ አስቀመጠው።

* * *

ቅዳሜ ጧት በልብስ ማስጫ ገመድ ከፖም ዛፉ ጋር አሰረችው። ታስሮ አያውቅም። አልጮኸም፣ አልጎተተም። ገመዱ እስከፈቀደለት ሄዶ መንገዱ ላይ ተቀመጠ።

መኪና ቆመ። የጁማዲል ጭነት መኪና ድምፅ አይደለም። በሩ ተከፈተና ኢስሃር ገባ፤ ከኋላው አንዲት ጎበጥ ያለች ትንሽ ሴት፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ሰማያዊ የብረት ድስት ደረቷ ላይ አቅፋ። ከድስቱ ውስጥ ቀጭን ቀጭን አረንጓዴ ቅጠል ቆሟል፣ እንደ ሕፃን ጸጉር።

ማንነቷን መንገር አላስፈለገም። ማይሬ ናት፤ የኢስሃር እናት።

"አንቺ ነሽ ቡሩል?"

"ነኝ አፓ" አለች፣ እናቴ እንደማለት። "ይግቡ።"

"አልገባም። መጀመሪያ ውሻውን ማን አሰረው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ለእርስዎ ብዬ።"

"እኔ እሰሪልኝ አልኩሽ?" ድስቱን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ከኪሷ የማዘዣውን ወረቀት አወጣች። "ይቺን ልጄ አነበበልኝ። ሁለቴ አነበበልኝ። በስሜ ውሻ ይባረራል፣ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?"

"አይሆንም ብለዋል ሲሉኝ..."

"ማን ነው ያለሽ?"

ሁለቱም ወደ ኢስሃር ዞሩ። ኢስሃር ኮፍያውን አወለቀ።

"ልነግራት ነበር" አለ። "ገባኝ አለች።"

"ገባሽ?" አለቻት ማይሬ።

"አልገባኝም ነበር" አለች ቡሩል።

"እንደሱ በዪ።" ማይሬ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ድስቱን ጭኗ ላይ አደረገች። "እኔም ሳይገባኝ ነው ያጠፋሁት። ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ጥቁር ውሻ ነበረን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ። አንድ ቀን ጁሳይ አጭጄ፣ ለበዓል ሥጋ ከትፌ፣ የተረፈውን አንድ ላይ ደፋሁለት። በላ። ደስ አለኝ፤ ስስት የለብኝም አልኩ። በአምስተኛው ቀን መቆም አቃተው። አፉን ስከፍት ድዱ እንደዚህ ሻሽ ነጥቷል። ሞተ። ጁሳይ የውሻን ደም ይበላዋል፤ የነገረኝ አልነበረም። ይሄ አጠገቤ የቆመው ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ዝም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ቃል አውጥቶ ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል።"

ኢስሃር ወደ ፖም ዛፉ ያያል።

"ሊጥ ሳቦካ መጣና ዱቄቱ ላይ በጣቱ ግቢሽን ሳለልኝ። ቤቱ ይሄ፣ መስኮቱ ይሄ፣ ጁሳዩ እዚህ አለኝ። የውሻው መንገድስ አልኩት። እዚህ አለ። አንድ እርምጃ ነው። አይሆንም አልኩ። መሬት ላይ አይሆንም፣ ይሰቀላል። ሳይሰቀል ደግሞ ድስት ውስጥ ሥር መያዝ አለበት። ጁሳይ ሲነቀል ይታመማል፤ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። የሞተ ሥር ይዤ ምራት ቤት አልሄድም።"

ምራት ቤት። ቡሩል በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደገፈች።

"አልደብቅሽም" አለች ማይሬ። "ስጀምር በንዴት ነበር የማጠጣው። አራት ምራት አለኝ፣ አራቱም የኛው ልጆች። አምስተኛዋ ኪርጊዝ፣ ፈት፣ ባለ ውሻ። በየጧቱ ለሰላት ተነስቼ፣ ለውዱዕ ታጥቤ፣ ከተረፈው ውሃ እያፈሰስኩ አጉረመርማለሁ። በአምስተኛው ቀን አዲስ ቅጠል አወጣ። ባሌን ጠርቼ አሳየሁት። በአሥረኛው ቀን ትንሿ ምራቴ ልትቆርጥበት መጣች፤ የቡሩል ነው አልኳት። ስምሽን ያኔ ነው መጀመሪያ የጠራሁት። ሃያ ሁለት ቀን ነው ያጠጣሁት። ሰው ሃያ ሁለት ቀን በየጧቱ ያጠጣውን ነገር መጥላት አይችልም። ሞክሬዋለሁ።"

ቡሩል እንባዋ ወረደ። ጠረገችው፤ ሌላ ወረደ። አሁን ካልጠየቀችው መቼም እንደማትጠይቀው ገባት፤ ይሄኛው በእርግጥ ገባት።

"አፓ፣ ልጅ ባልወልድስ?"

ኢስሃር ቀና አለ። ማይሬ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ አቃናች።

"አሥራ አንድ የልጅ ልጅ አለኝ" አለች። "እቤት ውስጥ አንዷን ሰላት ሳልቋረጥ ሰግጄ አላውቅም። አንቺ ጋ መጥቼ በጸጥታ ሻይ እጠጣለሁ። አሁን ያንን ፍጡር ፍቺው፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።"

ቡሩል ገመዱን ፈታች። ቋጠሮው ግን እምቢ አለ፤ ኢስሃር መጥቶ አብሮ ያዘው። ጣቶቻቸው ቋጠሮው ላይ ቆዩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ። ሞይኖክ ተፈታና አንዴ ተራገፈ። ወደ በሩ ይሮጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ የማይሬን እጅ ከአንጓ እስከ ጣት ላሰ።

ማይሬ የተላሰ እጇን ዘርግታ አየችው።

"ውሃ አምጪ" አለች ማይሬ።

አመጣች። ማይሬ እጅጌዋን ሰብስባ ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም። "እኔ የምሰግድበት ክፍል አይግባ" አለች እጇን እያራገፈች። "ግቢው የሱ ነው። ልጄ ዱቄት ላይ አሳይቶኛል።"

ኢስሃር ከኪሱ ድስቱ የሚሰቀልበትን ትልቅ ሜንጦ አወጣ።

"እጅሽን ዘርጊ" አላት።

ወደ ላይ ዘረጋች። ጣቷ የደረሰበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሞይኖክን በሁለት እግሩ አቁሞ ከምሰሶው ጋር ለካው፤ ውሻው ምላሱን አውጥቶ፣ ራጅ እንደሚነሳ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

"ትንፋሽህን ያዝ" አለችው ቡሩል። እያለቀሰች ነው ያለችው።

ድስቱ በረንዳው ወራጅ ላይ ተሰቀለ፣ እሷ በመቀስ የምትደርስበት፣ እሱ የማይደርስበት ቦታ። "ስታጭጂው ጨርቅ ዘርጊበት" አለች ማይሬ። "አንዷን ቅጠል መሬት እንዳትጥዪ። አራቱ ምራቶቼ መሬት ላይ ነው የተከሉት። ያንቺ ብቻ ነው የተሰቀለው። አሁን ይሄንን እየነገሩ ይቀኑብሻል፣ ታያለሽ።"

የጁማዲል መኪና ያኔ ደረሰ። በጎቹ ከላይ ይጮኻሉ። አጎቷ አለንጋውን እንደያዘ ገባና ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ።

"የታለ ውሻው?"

"ሥራ አግኝቷል" አለች ቡሩል።

"የምን ሥራ?"

"ካሮት ይጠብቃል" አለች ማይሬ።

ጁማዲል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ድስቱን አየው፣ አሸተተው። "ጁሳይ ነው?" አለ። "ከበግ ሥጋ ጋር ሲሆን ጥሩ ነው።" ለሽንኩርት ሻጭ ቤተሰብ ይሄን ያህል ካለ ብዙ ብሏል። ማይሬ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠ።

ኢስሃርና ቡሩል ግቢው መሐል ቆሙ። ካሮቱ እንደ ጸጉር ብቅ ብሏል። ያቺ ለምንም የማትጠቅመው አበባ የመጀመሪያ እምቡጧን ከፍታለች። የተነፋችው አፈር ባዶዋን ናት፤ ላይዋ የሞይኖክ ጸጉር አለ።

"ቡሩል" አለ። "እኔ... መኸር ላይ..."

ቀሪውን ታውቀዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ብትፈልግ በሦስት ቃል ትጨርሰው ነበር። ሞይኖክ በመሐላቸው አልፎ መንገዱን ያዘ።

"ካሮቱ ከተነቀለ በኋላ፣ እማዬም እሺ ስላለች..."

ውሻው ፖም ዛፉ ጋ ደርሶ ቆመ፣ መንገዱን አየ፣ ተጠመዘዘ። ቡሩል በልቧ ማመስገን ጀመረች፤ ከማን እንደምትጀምር ግራ ገባት። ውሻውን ትተው የሄዱትን ሻጮች አመሰገነች። የተሰበረውን አንጓ አመሰገነች። የዙራን ወሬ ሳይቀር አመሰገነች። ሃያ ሁለቱን ጧት አንድ በአንድ። ኢስሃር ገና እየተናገረ ነበር።

"...እዚህ ቤት፣ ከናንተ ጋር፣ ከሁለታችሁ ጋር..."

ሞይኖክ ዙሩን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ። ቡሩል ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። እንዲህ ቀስ ብሎ የመጣላት ደስታ በዕድሜዋ አልነበረም። ከአፉ አንዲት ቃል አልቀማችውም።